የወንድሜን ቃል ይዤ ወደ ጨንቻ

ወደ አርባ ምንጭ ስነሣ በጸሎት ያሰባችሁኝ የማኅበራችን እኅቶች፣ ስመለስ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስትሉኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ዝም አልኳችሁ። እንዳልተቀየማችሁኝ ተስፋ አለኝ። ከጅቡቲ ተነሥታችሁ ያን አገር የማየት ዕድል እንደማይኖራችሁ ስለማውቅ፣ አሁን ልቤ ትንሽ ሲረጋ፣ እንደሆነው አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ወንድሜን ሄኖክን ብዙዎቻችሁ በስልክ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ለትምህርት አርባ ምንጭ ተመድቦ፣ ተመርቆ እዚያው የቀረ ነው። ጉበቱን ታሞ ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቱ ይሁን» ካሉ በኋላ ደወለልኝ።

«እታለም፣ መቁረብ እፈልጋለሁ። የንስሐ አባቴ ግን መጀመሪያ ከኤርሚያስ ጋር ታረቅ አሉኝ።»

ኤርሚያስ የጨንቻ ልጅ ነው፤ ተማሪ ሳሉ አንድ ክፍል ያደሩ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ጓደኛሞች ነበሩ። ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። የተጣሉት በሴት አይደለም፣ በርስትም አይደለም። ቢትኮይን የሚባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ ሕጉ እንዴት ይሁን በሚል ነው። ሌላ ጊዜ ብሰማው እስቅ ነበር። ሰው ሊሞት ሲል ግን የተጣላበትን ነገር ትንሽ ነው ትልቅ ነው ብሎ የሚመዝን የለም።

ሰኞ። ከጅቡቲ በባቡር ተነሣሁ። ድንበሩ ላይ ፈታሹ ወጣት ሻንጣዬን ከፍቶ በላስቲክ የቋጠርኩትን አመድ የመሰለ ነገር አነሣ። ለሄኖክ የያዝኩት፣ ከአገሬ ከደብረ ሲና አካባቢ የመጣ እምነት ነበር። «ምንድን ነው?» አለኝ። «ለታማሚ ነው፣ ግንባሩን እቀባዋለሁ» ስለው አላመነኝም፤ አሸተተው፣ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው አየት አድርጎ ኮፍያውን አወለቀና «እባክዎ ለኔም ትንሽ» ብሎ ግንባሩን ዝቅ አደረገልኝ። ቀባሁት። የመጀመሪያው ወጣት አፍሮ ሻንጣዬን ራሱ አስተካክሎ ዘጋልኝ፤ ካልተሸከምኩልሽም አለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ያየሁት ድንጋይና ግመል ነው። አዲስ አበባ ደርሼ መናኸሪያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ አልጋ ቤት አደርኩ። ስለ እሷ የምጽፈው የለኝም፤ ብርድ ልብሱ ንጹሕ ነበር፣ ይበቃል።

ማክሰኞ። ጎሕ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በሶዶ አድርጎ ነው የሚወርደው። ሶዶን አለፍ እንዳልን ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫው ራሱ የተበሳ መሆኑን ያወቀው ካወረደው በኋላ ነው። ሁላችንም ከአንድ ግራር ሥር ወርደን ስንቀመጥ፣ ከመንገዱ ማዶ ካለ ቤት አንዲት ሴት በጆግ ውሃ፣ በሰፌድ የተጠበሰ በቆሎ ይዛ መጣች። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነሽ?» ይባላል፤ ይቀመጣል፤ ከዚያ ውሃ ይመጣል። እሷ ግን መጀመሪያ አጠጣችኝ፣ በቆሎውን አስጨበጠችኝ፣ ከጠገብኩ በኋላ ነው «ወዴት ነሽ?» ያለችኝ። «ወንድሜ ታሞብኝ» ስላት ጆጉን መሬት አስቀምጣ በጋሞኛ ይሁን በወላይትኛ የማላውቀውን ብዙ ነገር አለች። ምርቃት እንደሆነ ከድምጿ ገባኝ።

ጎማው ተጠግኖ ስንሄድ የአባያ ሐይቅ በግራ በኩል ታየ። ውሃው ቀይ ነው፤ ያልጠለለ ጠላ ይመስላል። እኔ ሐይቅ ሲባል ሰማያዊ ነበር የሚመስለኝ፣ የኛም የጅቡቲው ባሕር ሰማያዊ ነውና። ጫኖ ላይ ሙዙና ማንጎው ከመንገዱ እየተጋፋ ይመጣል፤ በየጥላው የሙዝ ክምር፣ በየክምሩ ሥር አንድ የተኛ ሰው። ያን ሁሉ ልምላሜ ሳይ ደስ ሊለኝ በተገባ። ዓይኔ ያያል፣ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር መናኸሪያ ስወርድ ሙቀቱ አልገረመኝም፤ ከጅቡቲ ለመጣ ሰው የአርባ ምንጭ ሙቀት ሙቀት አይባልም። የባጃጁ ጩኸት ነው የበዛብኝ። ሄኖክ ቤት ያከራየችው ወይዘሮ ብርቄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። የሶዶ ልጅ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ሰፊ ደረት ያላት ሴት። ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ «እህቴ፣ እንዳታለቅሺበት። ሲያይሽ ሳቂ። እኔም ሳቅ ነው የምለው፤ ከዚያ ወጥቼ ማድ ቤት አለቅሳለሁ» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሄኖክ ግን አልተታለለም። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ትከሻው ከሸሚዙ ውስጥ ጠፍቷል። አጠገቡ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኮምፒዩተር ትንሽ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ ማራገቢያው ያጉረመርማል። አቧራውን ልጠርግለት እጄን ስዘረጋ፣

«እሱን አትንኪብኝ» አለ። «ሥራ ላይ ነው።»

ረቡዕ። ወይዘሮ ብርቄ ለእንግዳ ክብር ብላ ከጫሞ የመጣ ትልቅ ዓሣ ገዝታ ኖሯል። ጾም መሆኑን ስታስታውስ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ይቅር ይበለኝ! እህቴን ላስጾም ወይስ ላስገድፍ?» ብላ ዓሣውን ለሙስሊሟ ጎረቤቷ ሰጥታ መጣችና፣ ሃሌኮ የሚሉትን የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ ከበቆሎ ቂጣ ጋር አቀረበች። እኛ አገር ጎመን እንደምንለው ነው፤ ትንሽ መረር ይላል። ዳጣ የሚሉት በርበሬ ግን እሳት ነው፤ ሁለት ጊዜ የአምላክን ስም ጠርቼበታለሁ።

ሄኖክ አልበላም። ትራሱን አስተካክዬ «እስቲ በኔ አቅም አስረዳኝ» አልኩት። «ነገ ጨንቻ ወጥቼ ምን ብዬ ነው የማስታርቅህ?»

«ጨንቻ በምን ይወጣል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«በሚኒባስ ነው። እንበል በየአሥር ደቂቃው አንድ ሚኒባስ ብቻ ይነሣል። የሚጫነው ሰው አይደለም፤ 'እገሌ ለእገሌ ይህን ላከ' የሚል ቃል ነው። ሚኒባሱ የተጫነው ሁሉ ለዘለዓለም መዝገብ ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ መኪናው ባዶውን ይሄድ ነበር። በኋላ ሰዉ በዛ። ወረፋ ሆነ፤ ለረዳቱ ጉርሻ የጨመረ ቀድሞ ይገባል፣ ያልጨመረ ቆሞ ያድራል። እኛ 'መኪናው ይትለቅ፣ አውቶቡስ ይሁን' አልን።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው?»

«እሱን ኤርሚያስን ጠይቂው።» ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ልነሣ ስል ደግሞ ተናገረ። «ለምን እንደዚያ እንደከረርኩ ታውቂያለሽ? ላንቺ ብዬ ነው። ለኔ ገንዘብ ስትልኪ ስንት ቦታ ስትለማመጪ እንደኖርሽ አውቃለሁ። ይሄ ነገር ላንቺ ዓይነቱ ሰው የመጣ መስሎኝ ነበር። ጉርሻው ከሚላከው ከበለጠ ግን ላንቺ ምን ያደርግልሻል?»

ይህን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልነገረኝም። እኔ ደግሞ የወጣት ቁማር ነው ብዬ ስጸልይበት ነበር የኖርኩት። ቁማር አልነበረም፤ ልጆቹ አልሸጡበትም፣ አልለወጡበትም፤ አገራችንም እንደ ገንዘብ አልተቀበለችውም። መዝገቡን ቤታቸው አስቀምጠው፣ ሕጉን እያጠኑ፣ ለታናናሾቻቸው በአማርኛ እያስረዱ ነው የኖሩት።

«በየአገሩ እንዲህ ተጣልተውበታል» አለ ሄኖክ። «አንድ ጊዜ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንድ ሆቴል ተሰብስበው 'ተስማምተናል' ብለው ፈረሙ። እኔ ደስ አለኝ፤ አለቀ፣ ታረቅን ብዬ ኤርሚያስን አቀፍኩት። እጄን አወረደው። 'እኔን ማን ጠየቀኝ? እኔም መዝገቡን ቤቴ ይዣለሁ' አለኝ። እንደሱ ያሉ በዓለም ብዙ ኖረዋል። ስምምነቱ ፈረሰ። መንገዱ ለሁለት ተከፈለ፤ ጠባቡ ስሙን ይዞ ቀረ፣ ሰፊው አዲስ ስም አወጣ። እኛም እንደዚያው።»

ይህን ሲነግረኝ ሻዩን እያማሰልኩ ነበር። በደንብ አልሰማሁትም። ምነው በሰማሁት።

ሐሙስ። ጨንቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው ሽቅብ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የአርባ ምንጭ ሙቀት እንደ ተጣለ ልብስ ከኋላችን ቀረ፤ ጉም መጣ፣ ቀርከሃ መጣ፣ እንሰት መጣ። አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ላይ እንዲሁ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ሰው በሳሉ ነው የሚታወቀው። ልዩነቱ እኛ ዘንድ አጥሩ ድንጋይ ነው፣ እዚህ ቀርከሃ። እኛ ዘንድ በዚያ ብርድ ገብስ ነው፣ እዚህ እንሰት። ነጠላዬ አልበቃ ብሎኝ ስንቀጠቀጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ግማሽ ጋቢያቸውን ዝም ብለው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። እስክንወርድ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ኤርሚያስን ያገኘሁት ሽመና ላይ ነው። እግሩ ጉድጓድ ውስጥ፣ እጁ መወርወሪያው ላይ። ከጎኑ በርጩማ ላይ፣ ከድርና ማጉ መሃል፣ ልክ የሄኖክን የመሰለች አሮጌ ኮምፒዩተር መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳልነግረው አወቀኝ።

«እትዬ፣ ከሱ ጋር አንድ መልክ ናችሁ» አለ። ከጉድጓዱ ወጣ። «እንዴት ነው?»

«ሊሞት ነው፣ ልጄ።»

መወርወሪያውን ጨበጠው። እናቱ ቆጮና አይብ ይዘው ገቡ። ዛሬ ጾም አይደለም ብዬ በላሁ። ሆዴ ሲሞቅ ጠየቅኩት፤ አውቶቡሱ ምን ክፋት አለው አልኩት።

«መንገዱን አየሽው አይደል? በዚያ ጥምዝ አውቶቡስ ይዞራል? ባለ ትልቅ ገንዘብ ብቻ የራሱን መንገድ አስጠርጎ ይነዳል።» ወደ ኮምፒዩተሯ አመለከተ። «እቺ አሮጌ ናት። መዝገቡ ከከበደ አትሸከመውም። እንደኔ ያለው ቤቱ ካልያዘው የሚይዙት ሀብታሞች ብቻ ናቸው። እነሱ ብቻ ሲይዙት 'ሕጉ እንዲህ ነበር' ቢሉኝ በምን አውቃለሁ? የሸማ ዕቃ በየሰዉ ቤት የሚገባው ትንሽ ስለሆነ ነው።»

እኅቶቼ፣ ለሄኖክ እውነት የሰጠሁት ሴትዮ ለዚህም እውነት ሰጠሁት። ያ ነው ያስፈራኝ።

«ታዲያ ለምን ጸብ ሆነ?»

«ሲቀላ ጁስ ቤት፣ በተማሪዎቻችን ፊት፣ እሱ 'ድሃ አይገባህም' አለኝ። እኔን! የሸማኔ ልጅ! እኔ ደግሞ 'የኩባንያ አሽከር' አልኩት።» አንገቱን ደፋ። «እንሂድ ብትይኝ አሁን እነሣ ነበር። አባቴ ግን አይለቅም።»

አባቱ አቶ አንጁሎ ከተማ የሚወርዱት በዓመት አንዴ ነው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ መናገሩን አይወዱም። በልጃቸው አፍ እንዲህ አሉኝ፦ የተጣላ ሰው በጓዳ አይታረቅም። ነገ ዱቡሻ ላይ የሁለቱም ቃል ይሰማ።

ዓርብ። ዱቡሻ ማለት ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ የሸንጎ ቦታ ነው። ሌሊቱን ስጨነቅ ነበር ያደርኩት፤ እኔ የተጠመቅሁ ሴት ዛፍ ሥር ምን እሠራለሁ እያልኩ። የኤርሚያስ እናት ማተባቸውን አሳይተውኝ «እዚያም የሚጠራው እግዚአብሔር ነው» አሉኝ። አማተብኩና ሄድኩ። ሴት ብዙ ጊዜ ከዳር ነው የምትቀመጠው፤ «ቃል ይዛ መጥታለችና ትግባ» ተባለልኝ። የጋሞኛውን ወደ አማርኛ የሚመልሱልኝ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ።

እኛ አገር ጉባኤ ሲረዝም «እጅ ይውጣ» ይባላል። እዚህ እጅ አይቆጠርም። ሁሉም አንድ ቃል እስኪሆኑ ይቀመጣሉ፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተዋጠለት አይነሡም። አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ኤርሚያስ የሱን ተናገረ። እኔም የሄኖክን፣ በሚኒባሱ፣ በአውቶቡሱ አድርጌ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። ስለ ጉርሻው ጠየቁ፣ ስለ መዝገቡ ጠየቁ፤ አንደኛው ለሄኖክ ሲያደላ ሌላው ለኤርሚያስ አደላ። ጉሙ ወረደ። ልብሴ ረጠበ። እሑድ ቅዳሴ አለ፤ ሄኖክ ሳይታረቅ እሑድ ካለፈ ሌላ እሑድ ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል?

«ወንድምሽ ምን ይላል?» አሉኝ እንደገና፣ በመምህሩ አፍ።

አባታችን አስታራቂ ሽማግሌ ነበር። ከተጣሉት ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ «እሱኮ ተጸጽቷል፤ ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው ያደረው» ይል ነበር፤ ለወዲያኛውም እንዲሁ። ያላሉትን ብለዋል እያለ ስንቱን የፈረሰ ትዳር አቆመ። እኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም፤ ማለዘብ ነው የሚባል።

«'ተሳስቻለሁ፤ እውነቱ የኤርሚያስ ነበር' ይላል» አልኩ።

መምህሩ ወደ ጋሞኛ አልመለሱትም። «እንዲህ ብሏል? በራሱ አፍ?»

«አዎ።»

ተረጎሙት። ኤርሚያስ ቀና ብሎ አየኝና መልሶ ዓይኑን ወደ ሣሩ ጣለ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እርጥብ ሣር ይዘው ቆሙ፣ መረቁ። እኔም አሜን አልኩ። ሸክሜ የወረደ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ። ከኤርሚያስ ጋር ወረድን። እናቱ ቆጮውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እሱ በራሱ እጅ የሠራውን ጋቢ ይዟል። መንገዱን ሁሉ በመስኮት ሲያይ ወረደ። ወይዘሮ ብርቄ በሩን ከፍታ «ሳሮ፣ ሳሮ» ብላ በአገሯ ሰላምታ አስገባችው።

ሄኖክ ከአልጋው ቀና አለ። «ጠባቡ! መጣህ?»

ኤርሚያስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። «ሰፊው፣ ምነው እንዲህ ጠበብክ?»

«ላንተ ቦታ እንዳይጣበብህ ብዬ ነዋ።»

ተቃቀፉ። ወይዘሮ ብርቄ ማድ ቤት ሄደች። እኔም ልከተላት ስል ሄኖክ ዓይኑን እየጠረገ «አባትህ እንዴት ለቀቁህ?» ሲለው ሰማሁ።

«አንተ 'ተሳስቻለሁ' አልክ ተብሎ።»

ሄኖክ ወደኔ ዞረ።

«እኔ አላልኩም።»

«አውቃለሁ» አለ ኤርሚያስ። «ዱቡሻው ላይ ሲነገር ያኔውኑ ገብቶኛል። አንተ ሞተህም አትለውም። ግን ከተናገርኩ አባቴ አይለቀኝም፤ አንተን ሳላይህ ትሄዳለህ። ዝም አልኩ።» ወደኔ ተመለሰ። «እትዬ፣ ሆቴል ገብተሽ ፈረምሽልን አይደል?»

ሄኖክ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ እስኪያስጨንቀን ድረስ ሳቀ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ኤርሚያስ ግን አልሳቀም። ምርቃቱ ያልተባለ ቃል ላይ አርፏል አለኝ። ጎሜ ይሉታል፤ ልክ ያልሆነ ነገር አድርጎ ዝም ማለት በሰውም በከብትም ላይ የሚያመጣው ጣጣ ነው። «እኔም ዝም ብያለሁ፤ የኔን እኔ እናገራለሁ። ያንቺን ግን ያመጣው አፍ ነው የሚመልሰው።»

«ስልክ ልደውልላቸው?»

«በስልክ አይሆንም፣ እትዬ።»

እሑድ። በጠዋት በባጃጅ ወሰድነው፤ ኤርሚያስ ደግፎት፣ አዲሱን ጋቢ ለብሶ። ከቅዳሴ በፊት ለንስሐ አባቱ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። «ለሰላም ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ። ሂጂና መልሺው» አሉኝ። ወደ ሄኖክ ዞሩ። «ቂም አለብህ?»

«የለብኝም፣ አባ። ግን አሁንም ተሳስቷል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም» አሉት።

ቆረበ። ቤት ስንመለስ ማንጎ በላ፣ ትንሽ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ዋሉ። «እናንተማ ከተለያችሁን በኋላ እርስ በርሳችሁ ደግሞ ተከፈላችሁ» ይለዋል ኤርሚያስ፤ «እናንተ ደግሞ ወረፋ ላይ አረጃችሁ» ይለዋል ሄኖክ። ከዚያ ጉዞ ሁሉ መልካም የምለው ቀን እሱ ብቻ ነው።

ሰኞ። መሄድ አልፈለግሁም። ፊቱ አላማረኝም። «ሌላ ቀን እወጣለሁ» ስለው እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ ያላልኩትን ብሏል እየተባልኩ ልሙት? ሂጂ። እጠብቅሻለሁ።»

ኤርሚያስ አጠገቡ ቀረ፤ የራሱን ለአባቱ በኋላ ሊናገር። ሚኒባሱ ከጥምዙ ላይ ጭቃ ያዘው፤ ወርደን ገፋን፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ቀላ። ሽማግሌዎቹ መልእክት ደርሷቸው ተቀምጠው ጠበቁኝ። ቆምኩ። «ወንድሜ ተሳስቻለሁ አላለም። ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ የሚለው አሁንም መኪናው ይስፋ ነው» አልኩ። ስናገር ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ዱቡሻ ላይ ስልክ አይነሣም። እንደገና ተንቀጠቀጠ። መምህሩ ተርጉመው እስኪጨርሱ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ጨምቄ ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ አቶ አንጁሎ ተነሡ፤ መምህሩን ሳይጠብቁ ራሳቸው በአማርኛ ተናገሩኝ። «እኛ አንድ ቃል ሳናገኝ አንነሣም። የዛሬ ቃል ይሄ ነው። ልጆች አልተስማሙም። ታርቀዋል። ሁለቱም ይቀመጥ።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስልኬን ያኔ አነሣሁ። ከኤርሚያስ ነበር።

ምን እንዳልኩ አላውቅም። የማውቀው ከዚያ ዛፍ ሥር ወደ ቤቱ የሄደ አንድ ሽማግሌ አለመኖሩን ነው። ሁሉም ሣራቸውን እንደያዙ ከኔ ጋር ወረዱ። ሚኒባሱ አልበቃም፤ እየተደራረቡ ገቡ፣ እኔን በመስኮቱ በኩል አስቀመጡኝ። ሄኖክ ቢያየው ኖሮ «አላልኩሽም?» ይለኝ ነበር።

ኤርሚያስ በሩ ላይ ነበር። ስለ ጉርሻው ሲከራከሩ እንደነበር ነገረኝ። «እሱ አንድ ነገር አለኝ፤ እኔ እየመለስኩለት ነበር። መልሴን ጨርሼ ነው ያወቅኩት» አለኝ። እንግዲህ እጠብቅሻለሁ ያለኝ ወንድሜ አልጠበቀኝም። እኔ ራሴ ባመጣሁት ቃል ተራራ ላይ ነበርኩ። ያመጣሁለት ሰው ግን አጠገቡ ነበር፤ በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፣ በዚያ ደግሞ አለቅሳለሁ። አባታችንን ለማለዘቡ አልወቅሰውም። እኔ ግን ከእንግዲህ የሰው ቃል ስይዝ እንደተሰጠኝ ነው የማደርሰው፤ ከናንተም መካከል ብትልኩኝ ይህን እወቁ።

በማግስቱ ቀበርነው። የጨንቻ ሽማግሌዎች ከቀብር በፊት አንድ ቀን፣ ከቀብር በኋላ አንድ ቀን ከድንኳን አልወጡም። ወይዘሮ ብርቄ ለመንገድ እስክነሣ ድረስ ከአልጋዋ ወርዳ እኔን አስተኛችኝ። ዕቃውን ስናነሣ ኮምፒዩተሩን ማን ይውሰድ ተባለ። እኔ «ይጥፋ፣ ይሸጥ» አልኩ። ኤርሚያስ አላስነካኝም። በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ ጨንቻ ወሰደው።

ጅቡቲ ከተመለስኩ በኋላ ደወልኩለት። ሁለቱን ኮምፒዩተሮች አጠገብ ለአጠገብ ሽመናው ጎን እንዳስቀመጣቸው ነገረኝ። እስከ መለያየቱ ድረስ ያለው መዝገብ በሁለቱም ላይ አንድ ነው፣ ፊደል አይለይም፤ ከዚያ በኋላ ነው ለየብቻ የሚሄዱት። አይገናኙም፤ ሕጉ ነው።

«በሱ አሁንም አትስማማም?» አልኩት።

«አልስማማም። አላጠፋውም ግን።»

ጨንቻ መብራት ጠፍቶ ሰንብቶ የመጣው የዚያን ዕለት ኖሯል። «መጀመሪያ የማንን አበራህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«የሱን» አለኝ። «ከባድ ስለሆነ ያመለጠውን ሁሉ እስኪይዝ ይዘገያል።»